ለእንግዳ የታረመ ማሳ

ስርጉት ሀብተ ሥላሴ አረም ትወዳለች። ብቸና ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ሌላው ሰው በነሐሴ ከማሳ ዳር ሲቆም የሚያየው ጤፉን ነው፤ እሷ የምታየው በጤፉ መሐል ሰተት ብሎ የገባውን ሙጃና ሜጭ ነው። ጎንበስ ብላ አንዱን ትነቅላለች፣ ሥሩን ታገላብጣለች፣ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያም በፌስታል ጠቅልላ ይዛው ትሄዳለች። ይህን ያዩ ሴቶች መጀመሪያ አዘኑላት፤ ሰው ሲማር ሲማር መጨረሻው ይህ ነው ተባባሉ። ኋላ ግን ለመዷት። እሷም የሚባለውን እየሰማች እንዳልሰማች ታልፍ ነበር፤ እንጀራዋ ነዋ። የአረም ተመራማሪ ናት፤ ብቸና ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የሙከራ ጣቢያ ተመድባ ዓመታት አሳልፋለች።

ትውልዷ ሞጣ ነው። አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የቅኔ መምህር ናቸው። እዚያ ቤት አንድ ተማሪ ሰሚን የሚያስደንቅ ቅኔ ከቆጠረ አንገቱን ደፍቶ "እንዲያው ቀንቶኝ ነው እንጂ እኔ ምን አውቄ" ይላል፤ አውቃለሁ ያለ ዕለት ግን ያለቀለት ነው። "ሌላ ያመስግንህ እንጂ የገዛ አፍህ አያመስግንህ" የሚለውን ቃል ስርጉት ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው የምታውቀው። አስተዳደጉ ሸጋ ነው። ለመንግሥት የምርምር ገንዘብ ለመወዳደር ግን ከዚህ የከፋ አስተዳደግ አይገኝም።

ልፋቷ ሁሉ የአንዲት ጥያቄ ልፋት ነው። የአካባቢው ገበሬ ግብጦ የሚባለው ጥራጥሬ ተዘርቶበት የከረመ መሬት በዓመቱ ጤፍ ሲዘራበት አረም አይደፍረውም ይላል። ይላል እንጂ ለክቶ ያየው የለም። እውነት ይሁን ወሬ፣ ስርጉት ይህን ቁርጡን ማወቅ ፈለገች። ለማወቅ ደግሞ ማሳ፣ ሚዛን፣ ቤተ ሙከራና መኪና ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ የሚገኘው ለወጣት ተመራማሪዎች በየዓመቱ በሚወጣው የውድድር ድጋፍ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወዳደር "ብቃትዎን ይግለጹ" ለሚለው ጥያቄ "ከባልደረቦቼ ሁሉ ባንስም በእነርሱ እርዳታ እሞክራለሁ" ብላ ጻፈች። "የሚጠበቅ ውጤት" ከሚለው ሥር ደግሞ እያንዳንዱን ነጥብ "እግዚአብሔር ቢፈቅድ" ብላ ጀመረች፤ ስለ ነገ የሚነገር ነገር በሌላ ቃል ሲጀመር ሰምታ አታውቅም። ከአዲስ አበባ የመጣው የገምጋሚዎች መልስ እንዲህ ይላል፤ "አመልካቿ ከባልደረቦቿ እንደምታንስ ራሷ ስላረጋገጠች ዕድሉን ለባልደረቦቿ ትተናል። በተጨማሪም የጥናቱ ውጤት ሙሉ በሙሉ በአንድ ሦስተኛ ወገን ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን፣ ከዚሁ ወገን የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ አልተያያዘም።"

በሁለተኛው ዓመት የኔሰው የሚባል ባልደረባዋ መከራት። እሱ ሁለት ጊዜ አሸንፎ ያውቃል። ውድድር ማለት ጦርነት ነው፣ ፎክሪ አላት። የጎጃም ሰው ፉከራ መቼ ያንሰዋል? ስርጉት በሯን ዘግታ ፎከረች። አረምን ከምድረ ገጽ አጠፋለሁ፣ ረኀብን ታሪክ አደርጋለሁ፣ እንደ እኔ ያለ ተመራማሪ አልተፈጠረም አለች። ከላከችው በኋላ ኀፍረት ስለያዛት አባቷ ሲደውሉ ስልክ ማንሳት አቃታት። የገምጋሚዎቹ መልስ አጭር ነበር፤ ሐሳቡ ታላቅ ነው፣ ማነጻጸሪያ ማሳ ግን የለውም። ግብጦ ያልገባበት ማሳ ከጎን ከሌለ የግብጦው ጥቅም በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው፤ ገምጋሚም አንዳንድ ቀን ልክ ይሆናል።

ሦስተኛው ሙከራ የመጨረሻዋ ነበር። መንግሥት ወጣትነት በሠላሳ አምስት ዓመት ያበቃል ብሎ ወስኗል፤ የስርጉት ወጣትነት ደግሞ ኅዳር ላይ ሊያበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ከዶክተሮችና ከፕሮፌሰሮች ጋር እኩል ተሰልፎ መወዳደር ነው፤ እነሱ ባሉበት ከብቸና የመጣ ወረቀት የሚነበብበት ዕድል እንደሌለ ታውቃለች። ስለዚህ ይህን ዓመት አገኘች አገኘች፣ ካጣች ግን ጥያቄዋን ይዛ ማርጀት ነው።

በዚህ ዓመት ሁሉንም አሟላች፤ ገምጋሚዎቹ በዓይናቸው የሚያዩት ትንሽ የማሳያ ሙከራም አዘጋጀች። ከብቸና ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች መረጠች። አንደኛው የአቶ የሻው ነው፤ ባለፈው ዓመት ግብጦ ነበረበት። ሁለተኛው የአቶ ቢያድግልኝ ነው፤ ግብጦ አያውቅም። ሁለቱም ላይ ጤፍ ተዘራ። ሁለቱም ክረምቱን ሙሉ ሳይታረሙ ሊከርሙ ነው፤ ካልሆነማ የትኛው አረም እንደበዛበት እንዴት ይለያል?

የሻው ብዙ አልከበደውም። ቢያድግልኝ ግን በዚያ አገር የታወቀ ገበሬ ነው፤ ከማሳው አንድ ሜጭ ያገኘ ሰው ምሳ እጋብዘዋለሁ እያለ የሚወራረድ፣ ጋብዞም የማያውቅ። ስርጉት ከእነ አክብሮቷ ፊቱ ቆማ ማሳውን እንዳያርም ስትለምነው እስክትጨርስ ሰማት።

"ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?" አላት።

እህሉ ቢጎድል እተካለሁ ስትለው ደግሞ ጭራሽ ተቀየመ፤ የጨነቀው እህሉ አልነበረም። አንድ ሰሞን ሲያስብ ከርሞ ግን ራሱ ጣቢያው ድረስ መጣ። ዕውቀት ነው ካልሽ ይሁን፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ከእኔ እጅ አንዲት ሣር አትነቀልም አላት። ይህን ሲል ፊቱ ልጁን ለዘመቻ እንደሚሸኝ አባት ነበር።

ያን ክረምት በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ቆሟል። አረሙ መጀመሪያ ጤፉን ደረሰበት፣ ቀጥሎ በለጠው፣ ነሐሴ ሲያልቅ ጤፉ የታለ ብሎ መፈለግ መጣ። የእድሩ ዳኛ ቢያድግልኝ ታሞ እንደሆነ ሊጠይቁ መጡ። ደኅና ነኝ ሲላቸው ይበልጥ ደነገጡ። የነፍስ አባቱ አባ አካለ ወልድ ጠበል ይዘው መጥተው ማሳውን ዳር ዳሩን ረጩት፤ ለአረሙ እሱም ውኃ ሆነለት። የየሻው ማሳ ከጎን አለ፤ እዚህም እዚያም አንዳንድ ሙጃ ብቅ ከማለቱ በቀር ጤፉ ደኅና ነው። ስርጉት በሁለቱ መሐል ቆማ ደስታዋን መደበቅ ያቅታት ነበር። ጥያቄዋ ሊመለስ ነው። ፎቶ ታነሳለች፣ ልትመዝን ግን የገምጋሚዎቹን ጉብኝት ትጠብቃለች፤ ለመጨረሻው ዙር ያለፈ ሰው ማሳው ሳይነካ እንዲጠብቃቸው ታዟል።

የከፋው ነገር ከደብረ ወርቅ መጣ። የቢያድግልኝ ልጅ አርሴማ ለደብረ ወርቅ ሰዎች ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ አባት ለገበያ ሲያልፉ በሚኒባስ መስኮት ማሳውን አዩት፤ ወዲያው ሰው ላኩ። መልእክተኛው ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቤቱ ደኅና ነው ወይ?" እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጎጃም ውስጥ ጤና ለመጠየቅ የሚጠቀምበት የለም። ማሳውን አረም ያስወረሰ አባት ልጁን ምን ብሎ አሳድጓት ይሆን ማለት ነው። የቢያድግልኝ ሚስት ፈንታነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስርጉትን ስታይ ሰላምታዋን አሳጠረች። ባሏን ግን ሐሳቡን ልታስለውጠው አልቻለችም፤ ቃል ሰጥቻለሁ ይላል፣ ይተኛል።

የመስቀል ሰሞን ተደወለ። ገምጋሚዎቹ ከባሕር ዳር ተነሥተው ሞጣ ያድራሉ፣ በማግስቱ ብቸና ገብተው ማሳውን ያያሉ። ስርጉት ሞጣ ሄዳ እንድትቀበላቸው ተነገራት። ከመሄዷ በፊት ቢያድግልኝ ቤት ጎራ ብላ የማይረሳትን ስሕተት ሠራች። ነገ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉና ማሳው እንዳለ ይቆይልኝ አለች። ቢያድግልኝ ራሱን ነቀነቀ። ፈንታነሽ ግን ከንግግሩ ሁሉ የያዘችው እንግዳ የሚለውን ብቻ ነው። የጎረቤት ሐሜት ይቻላል፣ ከቤት አይወጣም። በእንግዳ ፊት መዋረድ ግን የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም፤ የአገር ገመና ነው፤ የአገርን ገመና ደግሞ አገር ይሸፍነዋል። ይህን ስርጉት አታውቅም እንዳይባል እዚሁ ተወልዳ አድጋለች። ያን ቀን ግን የምታስበው ስለ ማነጻጸሪያ ነበር፤ ሰው ሲማር ሲማር የሚረሳው ይህንን ነው።

ሞጣ ላይ ሁለቱን ገምጋሚዎች ተቀበለች። ሰብሳቢው ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ረጅም፣ የሰሙትን ሁሉ የሚጽፉ ሰው ናቸው። አብራቸው ያለችው ምስራቅ የምትባል የአፈር ባለሙያ ናት። መሪጌታ እንግዳ ሆቴል ገብቶ ራት ይበላል ወይ ብለው ስለተቆጡ ራት እሳቸው ቤት ሆነ። ዶክተሩ በትሕትና ልጅዎ ጎበዝ ናት አሉ። አባት ልጃቸው ፊታቸው ስትመሰገን ምን ይላሉ? የሚባለውን አሉ። "ኧረ ምኗን አውቃ! ገና ልጅ ናት፤ ሣር ትለቅማለች እንጂ" ብለው የበግ ቅልጥም ወደ ዶክተሩ ገፋ አደረጉ። ዶክተሩ ቅልጥሙን ከመንካታቸው በፊት የአባትየውን ቃል ጻፉት። ስርጉት አባቷን በዓይኗ ብትለምናቸው እሳቸው ይበልጥ ዝቅ አደረጓት፤ ፍቅራቸው ሲበረታ ትሕትናቸውም ይበረታል።

በማግስቱ ደብረ ወርቅን አልፈው ወደ ብቸና ሲቃረቡ ስርጉት ከመኪናው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ ማነጻጸሪያ ማሳ እያስረዳች ነበር። አሁን ታያላችሁ፣ ከሩቅ ይታያል፣ ጤፉ አይለይም ትላለች። መንገዱ ታጠፈ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከመንገዱ ዳር ቆሟል፣ ዳስ ተጥሏል፣ እልልታ ተጀመረ። ከዳሱ ጀርባ አንድ ማሳ አለ፤ እንደ ተላጨ ራስ የጠራ፣ ጤፉ ብቻውን ቀጥ ብሎ ነፋስ የሚያወዛውዘው። ስርጉት የቢያድግልኝን ማሳ ፈለገች፣ አጣችው። የተሳሳተ መታጠፊያ የገቡ መስሏት ሾፌሩን ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ከማሳው ዳር ቢያድግልኝን አየችው። ከሰዉ ተለይቶ ብቻውን፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ፈንታነሽ ባሏን ለአማቾቹ መልስ ስጥ ብላ ደብረ ወርቅ ላከችው። እግሩ ሲወጣ ደቦ ጠራች። ጥሪውን ሰምቶ የቀረ የለም፤ ሽማግሌ ሳይቀር ወገቡን አስሮ ወጣ። የተኙ ሕፃናት ጥላ ሥር ተደርድረው፣ እየተዘፈነ፣ ጠላው እየዞረ፣ ክረምቱን ሙሉ የበቀለው አረም በአንድ ቀን ከሥሩ ተለቀመ። የየሻውን ግን የነካው የለም። እሱ ድሮም ብዙ አረም አልነበረበትምና ለማን ያሳፍራል?

ቢያድግልኝ ወደ ስርጉት ቀረበ። "ቃሌን አላጠፍኩም፣ ልጄ። እኔ አልነበርኩም" አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እሷም ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ መነጽራቸውን አስተካክለው የትኛው ነው ማነጻጸሪያው ብለው ጠየቁ። ስርጉት የጠራውን ማሳ አሳየች። ግብጦ የነበረበትስ? የየሻውን አሳየች፤ አንዳንድ ሙጃ ብቅ ብቅ ያለበትን። ዶክተሩ ከማሳ ማሳ ተመላለሱ፣ ጻፉ፣ እንደገና ተመለከቱ። ቀጥለውም በረጋ ድምፅ፣ ግብጦ አረምን እንደሚያበዛ የሚያሳይ ሙከራ እስከ ዛሬ አላየሁም፣ አዲስ ግኝት ነው አሉ። ፈንታነሽ በዚህ ጊዜ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ወደ ስርጉት መጣች። ጣቶቿ አረንጓዴ ናቸው፤ ከጥፍሯ ሥር አፈሩ አልወጣም። ለወራት ያላሳየቻትን ፈገግታ እያሳየቻት፣ "ደስ አለሽ?" አለቻት።

ስርጉት መጮኽ ፈልጋለች። ይህን የማይፈልግ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው። ግን ከኋላዋ መንደሩ ሁሉ መልሷን ይጠብቃል። ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ከዚያ ዘወር ብላ ለገምጋሚዎቹ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሆነውን ነገረቻቸው። ዶክተሩ የአመልካቿ ቃልና ያነሳችው ፎቶ ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም አሉ። ምስራቅ አዝና ነበር፤ የተነቀለው አረም ካለ ይመዘን ብላ ሐሳብ አቀረበች።

ስርጉት ፈንታነሽን አረሙን የት አደረጋችሁት ብላ ጠየቀቻት። ፈንታነሽ ጥያቄው ገረማት። ሙጃ የመሰለ ሣር ሜዳ ላይ ይጣላል እንዴ? እያንዳንዱ ሸክሙን ወደ ቤቱ ወስዶ ለላሙ ሰጥቷል። የአንድ ክረምት መረጃ በላም ሆድ ገብቷል ማለት ነው።

ዶክተሩ ግን ሥራ ጀምረው የሚተዉ ሰው አይደሉም፤ የቀረ ካለ እንየው አሉ። ከዚያ በኋላ የተደረገውን ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ ይተርኩታል። የመንግሥት ገምጋሚዎች ከቤት ቤት እየዞሩ በየበረቱ ግርግም አረም ፈለጉ። እንግዳ ከደጅ ይመለሳል ወይ? በየቤቱ መጀመሪያ መቀመጥ፣ መቅመስ፣ መጠጣት አለ። በመጀመሪያው ቤት ዶክተሩ አመስግነው በሉ። በሦስተኛው ቤት ለመኑ። ከዚያ ወዲያ መከራከሩን ትተው ቀበቷቸውን ፈቱ። በአንዱ በረት የቀረው አረም አንዲት ቀይ ላም የምታኝከው ብቻ ሆነ። ዶክተሩ ጎንበስ ብለው አፍዋን ተመለከቱ፣ ሜጭ ነው አሉ፣ ጻፉት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሴቶቹ አንድ ነገር ገባቸው፤ ለካ እንግዶቹ አረም ይወዳሉ። ታዲያ እንግዳ የወደደው ነገር ይከለከላል? ማንም ማንንም ሳያዝ ከወንዝ ዳር፣ ከአጥር ሥር፣ ከመቃብር ቤቱ ዙሪያ ሳይቀር እየታጨደ ይመጣ ጀመር። የሻው የቅቤ ሚዛኑን ይዞ ቀረበ። እንግዶቹ ተመልሰው ዳሱ ሲደርሱ የአረሙ ክምር ከዳሱ በልጧል፤ በየደቂቃው ደግሞ አንዲት ሴት ሸክሟን ትጨምርበታለች። ዶክተሩ ክምሩን አዩ፣ ማሳውን አዩ፣ ስሌት ሠሩ። ከዚህች ቁራሽ መሬት ይህ ሁሉ አረም ሊወጣ የሚችለው አረሙ በላይ በላዩ ሦስት ፎቅ ሠርቶ ከበቀለ ብቻ ነው አሉና መዝገባቸውን ዘጉ። ምስራቅ የስርጉትን እጅ ጨብጣ መኪናው ውስጥ ገባች። መኪናው ሲነሣ ሕዝቡ እስከ መታጠፊያው ድረስ እያጨበጨበ ሸኛቸው።

መልሱ ጥቅምት ሳያልቅ መጣ። ማነጻጸሪያ ማሳው በመበላሸቱ ሐሳቡ ወድቋል፤ የኅብረተሰብ ተሳትፎው ግን ለሌሎች አመልካቾች አርአያ እንዲሆን ይመከራል ይላል። ኅዳር ገባ፣ ስርጉት ሠላሳ አምስት ሞላት፣ ወጣትነቷም አለቀ። ጣቢያውም መኪና የለኝም፣ በጀት የለኝም ብሎ ሪፖርት ጸሐፊ አደረጋት።

መንደሩ መውደቋን ሲሰማ እንደ ለቅሶ ሊጠይቃት መጣ። ቤቷ ጠባብ ስለሆነ ገሚሱ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልተናገረም፤ ለቅሶ ቤት ዝም ማለትም ወግ ነው። በመጨረሻ ፈንታነሽ ምን አጉድለን ነው ልጄን የጣሉብን ብላ ጠየቀች። ስርጉት ይህን ላለመናገር ለራሷ ምላ ነበር። ግን ተናዳለች፣ ደክሟታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ "ልጄን" የሚለው ቃል አሸነፋት።

"አረሙን ነበር የፈለግሁት፣ እትዬ ፈንታነሽ። አረሙ ራሱ ነበር ሥራዬ" አለች።

ፈንታነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። አንድ በአንድ ተነሥተው፣ እግዜር ያጽናሽ እያሉ ወጡ። ስርጉት ያን ቀን ስለ መናገሯ ለብዙ ጊዜ ራሷን ወቀሰች። የሠሩት ለክብራቸውና ለክብሯ ነበር። ጥር ላይ አርሴማ በሰላም ስትዳር የደብረ ወርቅ አማቾች የማሳውን ጥራት አንስተው ቢያድግልኝን ሲያመሰግኑት ስርጉት ከሙሽሪት እናት ጎን ተቀምጣ ነበር። እዚያ ያስቀመጠቻት ፈንታነሽ ናት፤ ከጠገበች በኋላ ሦስት ጊዜ ያጎረሰቻትም እሷው ናት።

ክረምቱን ስርጉት ቢሮ ተዘግቶባት አሳለፈች። መስከረም ላይ አባቷን ልትጠይቅ ከብቸና በሚኒባስ ወደ ሞጣ ስትሄድ ነው ያየችው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ማሳ ሁሉ ጤፉ ታርሟል፤ ግን ከእያንዳንዱ ማሳ ዳር አንድ ቁራጭ መሬት ሳይታረም ቀርቷል። ሙጃው ደረት ይደርሳል፣ ሜጩ ቢጫ አበባውን አውጥቷል። አንድ ማሳ አይደለም፣ ሁለትም አይደለም፤ የመንደሩ ማሳ ሁሉ ነው። ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው ለጓደኛው፣ ይህ የገበሬዎቹ አይደለም፣ የስርጉት ነው፣ ለእሷ ብለው ነው የተዉት ሲል ሰማችው። ሾፌሩን አስቁማ ወረደች።

ቢያድግልኝ ከማሳው ዳር አገኛት። የሱ ቁራጭ ከሁሉም ይሰፋል። እንግዶቹ መቼ ይመጣሉ፣ ዘንድሮ አንዲት ሣር የነካ ሰው የለም፣ ፈንታነሽ ራሷ ትጠብቀዋለች አላት። ስርጉት እንዴት ትንገረው? እህል ነው የከሰሩት፤ ያውም ለማይመጣ እንግዳ። ሆኖም ነገረችው። ውድድሩ ለወጣት ነው፣ እኔ አልፌያለሁ፣ እባካችሁ ንቀሉት አለች። ቢያድግልኝ አሰበና፣ አንቺን ሽማግሌ ያለ መንግሥት እኛን ምን ሊለን ነው አለ። ንቀሉ ያለችውን ግን የሰማ አልመሰለም።

ወሬው ሮጦ ሰዉ ተሰበሰበ። ሁሉም ቁራጩን ሊያሳያት ይሻማል፤ የኔ ይበልጣል፣ የኔ ይረዝማል ይባባላሉ። የሻው ብቻ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቆቡን በእጁ ጨብጦ መሬት መሬት ያያል። ስርጉት ሄዳ ጉልበት ልትስም ስትል ትከሻዋን ያዛት።

"ስርጉትዬ፣ እኔን ታዝበሽኛል። ሁሉም ሰጠሽ፣ እኔ የምሰጥሽ አጣሁ" አላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። "ከዚህ ማዶ ያለውን የሌላውን ማሳዬን ግማሽ ተውኩልሽ፤ አልበቅል አለኝ። ከቢያድግልኝ ሜጭ ከነአፈሩ ነቅዬ ተከልኩበት፤ ደረቀብኝ። የሙጃ ዘር በተንኩበት፤ እንደ ሰው ፊት ዐይቶ ተወኝ። ምን ላድርግ፣ አምና ግብጦ ዘርቼበት ነበር።"

ስርጉት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወሰኑ ላይ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ደግመው ይንገሩኝ አለችው። የተቆጣች መስሎት ይበልጥ አፍሮ፣ ይበልጥ ዝግ ብሎ ደገመላት። ተከልኩ፣ ደረቀ። በተንኩ፣ አልበቀለም። እሷ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። ስንት ዓመት የጠየቀችው ይህንን ነው። አሁን ጠያቂም የለም፣ ገምጋሚም የለም፣ የሚጽፈውም የለም። ፊቷ ያለው መልሱን እንደ ጥፋት የሚናዘዝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ፈንታነሽ የሻውን አስለቀስካት ብላ ትቆጣው ጀመር። እሱም ደነገጠና ከፊቷ ቁጭ አለ። "በቃ፣ አታልቅሺ። ለከርሞ ግብጦ የሚባል አልዘራም። አረም ይብቀልልሽ እንጂ መሬቱ ምን ያደርግልኛል" አላት።

ስርጉት ሁለት እጁን ያዘች። እንዲዘራ ለመነችው፤ በአባቷም፣ በማርያምም፣ በልጆቹም ለመነችው። የሻው ለእሱ አዝና የምትለው እየመሰለው እንቢ አለ። ቢያድግልኝ ገባበት፣ አባ አካለ ወልድ ተጠሩ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እሺ ሲል ፀሐይ ጠልቃለች። የሞጣው ሚኒባስ አመለጣትና ፈንታነሽ ቤት አደረች።